አባዬ «አላውቅም» ያሉኝ ቀን

ባለፈው እሑድ ምሳ በልተን እንደጨረስን ልጄ ሰብለ ያልጠበቅሁትን ጥያቄ ጠየቀችኝ። ሰብለ እዚሁ ደብረ ታቦር፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ታስተምራለች። ልጇ ሰባት ዓመት ሊሞላት ነው።

«እማዬ፣ ልጅቱን ሰንበት ትምህርት ቤት ላስገባት ወይስ ትንሽ ትቆይ? አንቺ የየኔታ ልጅ ነሽ፤ ይህን ከኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ» አለችኝ።

ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። «እስቲ ላስብበት» ብዬ ሳህኖቹን ማንሳት ጀመርሁ። ከማስተማር ሥራዬ በጡረታ ከተገለልሁ ወዲህ ጥያቄ ሁሉ ይከብደኛል፤ ይሄኛው ግን ባሰ።

አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። ግቢያችን ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር፤ እዚያ ግቢ ውስጥ ጸሎት ሳይደርስ ቁርስ አይቀርብም። ገና ልጆች ሳለን ጾመናል፣ ሰግደናል፣ የዳዊትን መዝሙር በቃላችን ይዘናል። አባዬ ለሚጠየቁት ሁሉ መልስ ነበራቸው። ዝናብ ሲዘገይም፣ ላም ስትታመምም፣ ሰው ሲሞትም ከመጻሕፍቱ ጠቅሰው ያስረዳሉ። አምኖ የለመነ ሰው የለመነውን እንደሚያገኝ እኔ ቅንጣት ታህል አልጠራጠርም ነበር።

እናቴን አላውቃትም። ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ናት፤ እታለም ነበር የምላት። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ እታለም ውሃ ቀድታ ስትመለስ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ቀጥሎም እግሯ አበጠ። አባዬ በጭነት መኪና ወደ ጎንደር ይዘዋት ሲሄዱ እኔም አብሬ ሄድሁ። ከደጋው ብርድ ወርደን ይፋግ ስንደርስ ሙቀቱ ፊታችንን መታን፤ እንዳያጥወለውላት ሎሚ ገዛንላትና እሱን እያሸተተች ሄደች። ሐኪሙ ልቧን ሲያዳምጥ ቆየና አባዬን ለብቻቸው ጠርቶ አነጋገራቸው። መድኃኒት ተሰጣት። ሐኪሙ ያላቸውን አባዬ አልነገሩንም።

ክረምቱ ሳያልፍ ጾመ ፍልሰታ ገባ። ሱባኤ ያዝሁ። ጎህ ሲቀድ ጭቃውን እያቋረጥሁ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፤ ማምሻውን ጭብጥ የገብስ ቆሎ በውሃ እቀምሳለሁ። ነጠላዬ አልደርቅ ብሎ ቤቱ ሁሉ የእርጥብ ጥጥ ሽታ ሸተተ። ጉልበቴ እስኪላጥ ሰገድሁ።

«ለኔ ብለሽ ራስሽን አትጉጂ» አለችኝ እታለም። «አንቺም ከወደቅሽ አባዬን ማን ያያቸዋል?»

«ትድኛለሽ፤ አውቃለሁ» አልኋት።

ጾሙ ሲፈታ እውነትም ተሽሏት ነበር። ከአልጋዋ ወርዳ ከእኛ ጋር ማዕድ ቀረበች፤ የዶሮ መረቅ ጠጣች፣ ሳቀችም። እኔ ደጅ ወጥቼ ላገኘሁት ጎረቤት ሁሉ «እህቴ ዳነች!» እላለሁ። ሴቶቹ እልል አሉ። አባዬ ግን ዓይናቸውን ከእሷ አልነቀሉም።

መስቀል ሳይደርስ ሞተች። ጠዋት ገንፎ ይዤላት ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። የተኛች መስሎኝ፣ ገንፎው እንዳይቀዘቅዝ ከድኜ፣ አጠገቧ ተቀምጬ እስክትነቃ ጠበቅኋት።

ለቀስተኛው «ወዶ ወሰዳት» እያለ ሊያጽናናኝ ሞከረ። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት ባልቴት ግን «ጥርጥር ያለበት ጸሎት አይሰማም» አሉ። ስለ ማን እንደተናገሩ አላውቅም። ቃሉ ግን ውስጤ ገብቶ ቀረ። መቼ ነው የተጠራጠርሁት? ቅዳሴው ላይ እንቅልፍ የጣለኝ ጊዜ? እየሰገድሁ ስለ እንጀራ ያሰብሁ ጊዜ? ቀንም ሌትም ጥፋቴን ስፈልግ ከረምሁ።

ከተዝካሯ በኋላ አንድ ቀን፣ አባዬ ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው ከግቢያችን ጥድ ሥር ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አባዬ፣ እታለም የሞተችው የኔ እምነት አንሶ ነው?»

ቀና ብለው አዩኝ። አንድ ጥቅስ የሚነግሩኝ መስሎኝ ጠበቅሁ።

«የለም፣ ልጄ። የለም። እንደሱ እንዳታስቢ።»

«ታዲያ እግዚአብሔር ለምን አልሰማንም?»

«አላውቅም» አሉ።

ይህን ቃል ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። «እኔም ለምኜው ነበር፤ አሁንም እጠይቀዋለሁ» አሉኝ። ከዚያ መቋሚያቸውን አንስተው ለሠርክ ጸሎት ሄዱ። አልተከተልኋቸውም።

ለብዙ ዓመታት ቤተ ክርስቲያን የረገጥሁት ለቀብርና ለክርስትና ብቻ ነው። አባዬ አንድ ቀን እንኳ «ለምን ቀረሽ?» አላሉኝም። እሳቸው ግን እግራቸው እስኪከዳቸው ድረስ አልቀሩም። አንዳንዴ እቀናባቸዋለሁ፤ አንዳንዴ ደግሞ ያናድዱኛል። ሰው ጸሎቱ ሳይሰማለት ሲቀር እምነቱን ያጣል ይባላል። እኔን የጎዳኝ ግን ዝምታው ብቻ አይመስለኝም፤ እግዚአብሔር ዝም እንደሚልም ሳይነገረኝ ማደጌ ነው። ያን «አላውቅም» በልጅነቴ ሰምቼው ቢሆን ኖሮ ምናልባት አብሬያቸው እሄድ ነበር። ምናልባትም አልሄድም።

ትናንት ለሰብለ ደወልሁላት።

«አስገቢያት» አልኋት። «መዝሙሩንም ትማር፣ ጾሙንም ትልመድ። የለመንሽው ሁሉ ይሰጥሻል የሚላት ሰው ሲኖር ግን አንዳንዴ እንደማይሰጥም አንቺ ቁጭ ብለሽ አስረጃት።»

«አንቺስ እማዬ፣ ታምኛለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ጠዋት ስነሳ «ተመስገን» እላለሁ። እምነት ይሁን ልማድ፣ ለመለየት መሞከሩ ደክሞኝ ከተውሁት ቆይቻለሁ። ይህን በስልክ እንዴት ብዬ አስረዳታለሁ? «ስትመጪ እናወራለን» ብዬ ዘጋሁት። እህቴን ባነሳሁ ቁጥር ግን «ነፍሷን ይማር» ማለቴን አልተውሁም፤ የሚምራት ማን እንደሆነም ራሴን አልጠይቅም።