አያ ቢሻው ከዳማው አይወድቁም

የዘንገናው አያ ቢሻው መውደቅ የጀመሩት በገዛ ደጃፋቸው ነው። ያናደዳቸውም ይኸው ነው። ገደል ቢሆን፣ ማጥ ቢሆን ምን አለበት! ከበሩ ደፍ ሲደርሱ እግራቸው መሬት ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ገላቸው ግን ቀድሞ ይሄዳል። ዞር ሲሉ ደግሞ እንደ አሮጌ አጥር ወደ ኋላ ይጋደማሉ። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ተቀምጦ ለብቻው ይንቀጠቀጣል። በሽታው ፓርኪንሰን እንደሚባል በዚያ በሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት በአካባቢው የሚያውቅ አልነበረም። ጎረቤት መጋኛ ነው አለ፤ መጋኛ ያልመሰለው ጠላ ነው አለ። ጠላውንስ ከተዉት ቆይተዋል፤ ዋንጫው ከአፋቸው ሳይደርስ እየፈሰሰ አስቸገራቸው።

ጥር ሲገባ ሚስታቸው ይታይሽ ቁርጡን ተናገሩ።

"ዘንድሮ ለጊዮርጊስ ፈረስ የለም። በደጅዎ መቆም ያቃተዎት ሰውዬ ሜዳ ሄደው ሊፈጠፈጡ ነው? ዳማውን አየነው ይጋልበው።"

አየነው የይታይሽ ታናሽ ወንድም ነው። ጥር ሃያ ሦስት ቀን ፈረሰኛው ሁሉ ቆሰበር ሜዳ ላይ ሲሰለፍ አያ ቢሻው ቀርተው አያውቁም። ፈረሱን ለሌላ የሰጠ ሰው ደግሞ ከሰልፉ ወጣ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቦታው ከተመልካቹ ጋር ነው።

በዕለቱ ጠዋት አየነው ዳማውን ጭኖ ሲጨርስ አያ ቢሻው "ልሰናበተው" ብለው አጥሩን ይዘው፣ ወድቀው ተነሥተው ደረሱ። አንገቱን አሻሹት። ከዚያ ለአየነው በአገውኛ ሹክ አሉት፤

"አንዴ አውጣኝ። ከወደቅሁ ፈረሱ ያንተው ነው።"

"እታለም ትገድለኛለች!"

"እኔን ነው የምትገድል።"

አየነው እህቱ ወደ ጓዳ እስኪገቡ ጠበቀና ግራ እግራቸውን አንሥቶ እርካቡ ውስጥ ከተተ፤ ከኋላ ገፋቸው።

ይታይሽ ሲወጡ ባላቸው ኮርቻ ላይ ናቸው።

"ኧረ በጊዮርጊስ! ኧረ ይውረዱ!"

"መንገድ ልቀቂ።"

እጃቸው አሁንም ይንቀጠቀጣል፤ ወገባቸው ግን ቀጥ ብሏል። መራመዱን ዳማው ያውቅበታል፤ መቀመጡን እሳቸው።

ሜዳው ላይ ከእኩዮቻቸው ጋር ጋለቡ። ማንም የተለየ ነገር አላየባቸውም፤ የፈለጉትም ይህንኑ ነበር። ይታይሽ ዳር ቆመው በተቆጡበት አፍ እልል አሉ።

ሲመሻሽ ቤት ደረሱ። አያ ቢሻው ግን አልወርድም አሉ።

"ምግብ ቀርቧል እኮ!"

"እዚሁ ስጪኝ።"

"ምነው?"

"ይታይሽ፣ እዚህ ላይ ሰው ነኝ። እግሬ መሬት ከነካ..." አልጨረሱትም።

ይታይሽ ትሪውን ይዘው መጡና በእግር ጣታቸው ቆመው አጎረሷቸው። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል፤ በርበሬው ነው አሉ።

ዳማው አንድ እግሩን አሳረፈ፤ ቆይቶ ሌላውን። ላቡ ከኮርቻው ሥር ደርቆ ነጭ ሆኗል። አያ ቢሻው ቁልቁል አዩት። ቀኑን ሲጋለብ የዋለ ፈረስ ሰው ተሸክሞ አያመሽም፤ ይህን ለመንደሩ ጎረምሳ ሁሉ ሲናገሩ የኖሩት እሳቸው ናቸው።

"እሺ፣ ያዙኝ" አሉ።

አየነው ከወገባቸው፣ ይታይሽ ከብብታቸው ያዟቸው። እግራቸው መሬት ነካ፤ ተጣበቀ፤ ሦስቱም ተያይዘው ወደቁ። ዳማው ከአጠገባቸው ንቅንቅ አላለም።

"ተጎዱ?" አሉ ይታይሽ ከሥር ሆነው።

"መጀመሪያ ኮርቻውን አውርዱለት" አሉ አያ ቢሻው።