ጉቶው ላይ የበቀለው

አምና በፍልሰታ ጾም እናቴን ልጠይቅ ደብረ ማርቆስ አጠገብ ወዳለው ቤቷ ሄጄ ነበር። ጓሮ ስወጣ፣ ክረምቱ ያበሰበሰው የዋንዛ ጉቶ ላይ ነጭ እንጉዳይ እንደ ጆሮ ተደራርቦ በቅሏል። ከተማ ገዝቼ የምበላው ዓይነት ስለሆነ ደስ አለኝ። ለቀምኩና በሽንኩርትና በዘይት ጠብሼ፣ ከቅዳሴ ስትመለስ አቀረብኩላት።

አንዴ ጎረሰች። ደገመች። ከዚያ ትሪውን ገፋ አደረገችው።

"ምን ጨምረሽበት ነው? ሥጋ ሥጋ ይላል። አስገደፍሽኝ እኮ!"

"ዘይት ብቻ ነው!" ብዬ ጮህኩ። እጇን ይዤ ጉቶው ድረስ ወስጄ የለቀምኩበትን አሳየኋት። አየችው፤ ግን ፊቷ አልተፈታም። መርዝ ይሆናል ብላ ብትፈራ ይገባኝ ነበር። እንጨት ላይ የበቀለ ነገር እንዴት ጾም ያስገድፋል? ግራ ገባኝ። ይባስ ብሎ እኔም ስቀምሰው፣ እውነትም ሥጋ ሥጋ ይላል።

አመሻሽ ላይ የንስሐ አባቷ መጡ። ነገሩን ስትነግራቸው፣ "አባ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን" ብዬ ትሪውን አቀረብኩ። ጎረሱ፤ ቀስ ብለው አላመጡ። ደገሙ።

"ከእንጨት የወጣ የጾም ነው" አሉ በመጨረሻ። እኔም "ይኸው!" አልኩ።

እናቴ ግን አንገቷን እንደደፋች፣ "የጾም ከሆነ፣ አባ፣ ለምን እንዲህ ጣፈጠኝ?" አለች።

አባ ወደ ትሪው የዘረጉትን እጃቸውን ሰበሰቡ።