መሰረት ያነበበችልኝ የቀበሮ ተረት

ባለፈው ቅዳሜ ቡፎርድ ሃይዌይ ካለ የህንዶች መደብር ምስር ስገዛ፣ ሂሳብ የሚቀበለው ሰውዬ በምሥራቅ ህንድ ከሚኖሩት ከሳንታል ሕዝቦች እንደሆነ ነገረኝ። «የእናንተን የቀበሮ ተረቶች አውቃቸዋለሁ» ስለው በደስታ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። እኔ ግን መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ብዙ ቆየሁ።

ከአገር ቤት ወደዚህ ክላርክስተን ስመጣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የምኖረው ከአክስቴ ልጅ ከመሰረት ጋር ነበር። በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች፤ እንግሊዝኛዋ እንደ ውሃ ይፈስሳል። እኔ ፊደሉን እንጂ ትርጉሙን አላውቅም ነበርና የሚመጣልኝን ደብዳቤ ሁሉ የምታነብልኝ እሷ ነበረች። ማንበብ የማይችል ሰው የገዛ ሕይወቱን የሚሰማው በሌላ ሰው አፍ ነው።

ቋንቋውን እንድለምድ ብላ የሳንታሎችን የእንስሳት ተረት ከቤተ መጻሕፍት ተዋሰችልኝ። ከሥራ ስትመለስ በረንዳው ላይ ቆሎ ይዘን እንቀመጣለን። እሷ እያነበበች ወደ አማርኛ ትመልሳለች፤ እኔ በጣቴ መስመሩን እከተላለሁ። ሚያዝያ ነበር፤ የጥዱ አበባ ብናኝ መኪናውንም ደረጃውንም ቢጫ አልብሶታል። ከሁሉ የወደድኩት ቀበሮ የአዞን ልጆች ላስተምር ብሎ የወሰደበትን ተረት ነው። መሰረት ስታነበው ልጆቹ ተምረው፣ ጨዋ ሆነው ወደ እናታቸው ይመለሳሉ።

በዚያው ሰሞን፣ በሰው እርዳታ አፕላይ ካደረግኩበት፣ ሌላ ከተማ ካለ የነርሶች ትምህርት ቤት ደብዳቤ መጣ። መሰረት አነበበችና አንገቷን ነቀነቀች።

«አልተቀበሉሽም፣ የኔ ቆንጆ። አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ።»

ሳለቅስ እንባዬን በእጇ ጠረገችልኝ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ እሷ ሥራ ላይ ሳለች፣ መዝገበ ቃላት ይዤ ያንን ተረት ብቻዬን ለማንበብ ሞከርኩ። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ለካ ቀበሮው ልጆቹን አንድ በአንድ በልቷቸዋል! እናትየዋ ልትጠይቅ በመጣች ቁጥር የቀረውን አንዱን ልጅ ደጋግሞ እያሳየ ያታልላታል። የተሳሳትኩ መስሎኝ እንደገና አነበብኩት። ያው ነው። ተነስቼ ደብዳቤውን ከሻንጣዬ አወጣሁ።

መሰረት ስትገባ ሰጠኋት። «እስኪ እንደገና አንብቢልኝ።»

«የነገርኩሽ መሰለኝ» አለች ገልጣ እያየች። «አልተቀበሉሽም ነው የሚለው።»

«መሲ፣ ተቀብለንሻል ነው የሚለው። የመመዝገቢያው ዴድላይን ባለፈው ሳምንት አልፏል።»

ደብዳቤውን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ተረቱንስ ለምን ለወጥሽው?»

«እንዳይከፋሽ ብዬ።»

«ደብዳቤውንስ?»

ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። «አንቺም ከሄድሽ እኔ ከማን ጋር ልኖር ነው?»

የመጀመሪያውን ውሸት ምናልባት ይቅር እላት ነበር። ዓይን ዓይኔን እያየች የደገመችው ግን አንጀቴን ቆረጠው። በሳምንቱ ቤቱን ለቅቄ ወጣሁ። በዓመቱ እንደገና አመልክቼ ገባሁ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ነርስ ነኝ።

መሰረት አሁን ሎረንስቪል ቤት ገዝታ ትኖራለች። ለቅሶና ሰርግ ላይ ስንገናኝ ተሳስመን ጎን ለጎን እንቀመጣለን፤ ያንን ቀን ግን አንስተን አናውቅም። ይቅር ብያታለሁ ብል እዋሻለሁ። እንዳልጠላት ደግሞ፣ ውሸቷን ያነበብኩት እሷው ባስተማረችኝ እንግሊዝኛ ነው።