ሠላሳ በየትኛው አገር?

ከከሚሴ የወጣሁት ሱብሂ ሰግደን፣ ገና በደንብ ሳይነጋ ነው። እናቴ የሚኒባሱን መስኮት ይዛ «የት ነው ያልከኝ የምትሄደው?» አለችኝ፣ ለመቶኛ ጊዜ። «ፐርዝ፣ አውስትራሊያ» አልኳት። «ከጅዳ ይርቃል?» ስትለኝ ሾፌሩ አስነሳው፤ እኔም ሳልመልስላት የጨፋን ሜዳ ማሽላ በመስኮት እያየሁ ሄድኩ።

የፐርዝ ሙቀት የከሚሴን ይመስላል፣ አትፍሩ። ምግቡን ግን ተዉት፤ ዳቦ ላይ የሚቀቡት ጥቁር ነገር አለ፣ ቁርጥ የመኪና ግራሶ! ሰላምታቸውም አንድ ቃል ብቻ ነው። እኛ ዘንድ የከብቱ ደህንነት ሳይቀር ይጠየቅ የለ?

የምሠራው በየአገሩ ላሉ አዛውንቶች ነርስ የሚያቀርብ ድርጅት ውስጥ ነው። የአንድ ነርስ ኮንትራት ሲያልቅ የኮምፒውተር አካውንቱም እንዲዘጋ ማብቂያ ቀኑን የምሞላው እኔ ነኝ። ቀላል መስሎኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ገና ወንበሬ ላይ ሳልደላደል፣ ማሪያ የምትባል ነርስ ከካናዳ፣ ከቶሮንቶ ደወለች። እኛ ጋ ቀኑ ሠላሳ ነው፤ እሷ ጋ ገና የሃያ ዘጠኝ ምሽት።

«አካውንቴ ተዘጋ! ኮንትራቴ እስከ ነገ ነው። የምንከባከበውን ሽማግሌ የመድኃኒት መዝገብ መክፈት አልቻልኩም፤ የዛሬውን የስኳር መርፌ ወስዶ ይሁን አይሁን አላውቅም!»

«ሠላሳ» ብዬ የሞላሁት እኔው ነኝ። ለካ አካውንቶቹን የሚዘጋው ሰርቨር ያለው ለንደን ነው፤ ለእሱ ሠላሳ ማለት ቀኑ ሲያልቅ ሳይሆን ገና ሲጀምር ነው፣ ያውም በለንደን ሰዓት፤ እኛ ጋ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን እዚያ እኩለ ሌሊት ነው። ማብቂያውን ሁለት ቀን ገፋሁት። መዝገቡ ተከፈተ። ሽማግሌው መርፌውን ገና አልወሰደም ነበር።

አለቃዬ ሱዛን ጠራችኝ።

«ሠላሳ ብለህ ሞላህ፣ ሠላሳ ላይ ተዘጋ። ምን ይገርማል?»

«ሠላሳ በየትኛው አገር?»

«ሠላሳ ሠላሳ ነው።»

«እኛ አገር ዛሬ ሃያ አንድ ነው፣ ዓመቱም ከእናንተ ወደ ኋላ ነው። ሰዓቱን ከንጋት እንቆጥራለን፣ የረመዳንን ቀን ደግሞ ከመግሪብ፣ ከፀሐይ መጥለቂያ። ይህን ሁሉ ይዘን ቀጠሮ አይጠፋብንም፤ እንጠያየቃለንና!»

ሱዛን አልሳቀችም። «ታዲያ አንተ ለምን አልጠየቅክም?»

ከዚያ ወዲህ አንድ ነርስ ያለበትን ከተማ ሳልጠይቅ ቀን አልሞላም፤ አካውንቱም የሚዘጋው በራሱ ከተማ ቀኑ ሲያበቃ ነው።

የዚያኑ ዕለት ከሥራ ስወጣ እናቴ ጋ ደወልኩ።

«አካም ጂርታ፣ እንዴት ነሽ እማዬ?»

«አልሐምዱሊላህ። ሥራህ ግን ምንድን ነው? ሰው ሲጠይቀኝ የምለው አጣሁ።»

«የሰው ማብቂያ ቀን ስሞላ ነው የምውለው።»

«አስተግፊሩላህ! እሱን ለአላህ ተውለት!»

ሳቄን ሳልጨርስ «ለዒድ ትመጣለህ?» አለችኝ።

«ኢንሻአላህ።»

«አንተ ኢንሻአላህ ካልክ አትመጣም ማለት ነው። ቀኑን ቁርጥ አድርገህ ንገረኝ።»

እሷ ጋ የቀትሩ፣ የዙህር አዛን ጀመረ። እስኪያልቅ የስልኬን ካላንደር ከፍቼ የዒድን ቀን ፈለግሁ። አዛኑ አለቀ። እናቴ አሁንም ቀኑን እንድነግራት ስልኩን ይዛ ትጠብቀኛለች።