ውሃ የበዛባት እንሰት

ከተጋባን በኋላ መጀመሪያ የገባነው ሲቀላ በሚባለው ሞቃት ሰፈር ውስጥ ካለ የኪራይ ግቢ ነው። አንድ ክፍል ቤትና ከኋላዋ አንዲት ጠባብ ጓሮ ነበረችን። ጓሮዋ ሁለት ሰሌን ቢዘረጋባት ትሞላለች። አሁን የምንኖርበት ቤት ከዚያኛው ይሰፋል፤ ልቤ ግን አንዳንዴ ወደዚያች ጓሮ ይሄዳል። በተለይ ጠዋት፣ ጎረቤት የማንጎ ቅጠል ሲጠርግ ስሰማ።

እኔ የደጋው፣ የጨንቻ ልጅ ነኝ። ባለቤቴ ደግሞ ቆላ፣ ከአባያ ሐይቅ ወዲህ ባለው የሙዝ እርሻ መሐል ነው ያደገው። እሱ ድምፁ ትልቅ ነው፤ ከሰው ጋር ቶሎ ይግባባል። እኔ ሰው ሰላም ሲለኝ መሬት መሬት አያለሁ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። አማርኛዬም ያኔ ገና ስለነበረ፣ አፌን ከፍቼ ከምሳሳት ዝም ብል ይሻለኛል እል ነበር።

እናቴ ልትጠይቀኝ ስትወርድ የእንሰት ችግኝ በደረቅ ቅጠል ጠቅልላ፣ ሚኒባስ ውስጥ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ አመጣችልኝ። ረዳቱ፣ «እማማ፣ ይሄ ሙዝዎ ለብቻው ወንበር ይፈልጋል እንዴ?» ብሎ ቀለደባት። «ሙዝ አይደለችም፣ ልጄ ናት አልኩት» ብላ እየሳቀች ነገረችን። በእኛ አገር ከቤት ጀርባ ያለ እንሰት የሴቷ ነው። ስንተክላት እናቴ አፈሩን በእግሯ እየረገጠች፣ «ይህች ከያዘችልሽ ቤት አለሽ ማለት ነው። ካልያዘች ግን እዚህ እንግዳ ነሽ» አለችኝ። ባለቤቴ አካፋውን ይዞ አጠገባችን ቆሞ ነበር።

የመጀመሪያው ዓመት መልካም ሆነ። ዝናብም አልጠፋም፣ እኔም ከአከራያችን በግ በረት ፍግ እየለመንኩ አለብሳት ነበር። እንሰቷ ከባለቤቴ ቁመት በላይ ሄደች። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሊጠይቁን ሲመጡ፣ «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ሙዝ ነው፣ የማያፈራ?» እያሉ ያሾፉብኛል። እኔ ፈገግ እላለሁ።

ከዚያ በጋው መጣ። ሲቀላ በጋ ሲሆን ቆርቆሮው ራሱ ይጮኻል። ባለቤቴ የእንሰቷ ቅጠል ጫፍ ደረቅ ሲል አይቶ ደነገጠ። «እኔ የሙዝ ልጅ እያለሁ ይቺ በጥም አትሞትም!» አለ። ዙሪያዋን ልክ እንደ ሙዝ ክብ አድርጎ ቆፈረና ውሃ መሙላት ጀመረ። የቧንቧ ውሃ እንደ ልብ አይመጣም ነበር። እሱ ግን ከእንጨት ሥራ ቤት ሲመለስ፣ ሸሚዙ ላይ ሰጋቱራ እንዳለ፣ ጀሪካን ተሸክሞ ይገባል። ራሱ ሳይታጠብ ለእሷ ያፈሳል።

አከራያችን ትልቅ ሴት ናቸው፣ ምላሳቸው ስል ነው። በመስኮት ብቅ ብለው፣ «አንተ ልጅ፣ ሚስትህን እንዲህ ብታጠጣት እሷም ትረዝም ነበር እኮ!» ይሉታል።

«እትዬ፣ ተራዋን ትጠብቅ!» ይላል እሱ።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ቆመው ሴቶቹ ሲያወሩ፣ ባሌ ለሚስቱ እንሰት ውሃ የሚሸከም መሆኑ ወሬ ሆነ። «እንዲህ ያለ ባል የት ይገኛል? የእኔው ለልጆቹም አይቀዳም» ትላለች አንዷ። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ አደርጋለሁ።

የሚያሳዝነው እንሰቷ እየሞተች ነበር። እንሰት ሥሯ ውሃ ሲተኛበት እንደሚበሰብስ ጨንቻ ውስጥ ልጅም ያውቃል። የታች ቅጠሎቿ ቢጫ ሆኑ፤ እሱ ጠማት ብሎ ጨመረላት። ከዚያ ገና ያልተፈታው የመሐሉ ቅጠል ዘመም አለ። እሱ በሌለበት ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። ክፉ ሽታ ጀምሮታል።

አንድ ቀን ደፈርኩና፣ «ውሃው…» አልኩት።

«አትጨነቂ፣ ነገም አመጣለሁ» አለኝ። ጀሪካኑ ትከሻው ላይ ቀይ መስመር አውጥቶበታል። ያንን መስመር እያየሁ ምን ልበለው? የእናቴ ቃል ግን ከሆዴ አልወጣም። ይህች ከሞተች እዚህ ማን ነኝ እያልኩ አስብ ነበር።

በሴቶች የጸሎት ኅብረት ክብ ሠርተን፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን በተራ ነው የምንጸልየው። መጸለይ ያልፈለገች የሚቀጥለዋን ሴት እጅ ጫን ታደርጋለች፤ ያን ጊዜ ተራው ያልፋታል። እኔ ሁልጊዜ ጫን የማደርግ ነኝ። ቤትም እንደዚያው ነበርን። ጠዋት ሥራ ከመሄዱ በፊት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠን እጅ እንያያዛለን፣ እሱ ለአገሩም ለዘመዱም ረጅም ጸሎት ይጸልያል፣ እኔ እጁን ጫን አደርጋለሁ፣ እሱ «አሜን» ብሎ ይዘጋል።

አንድ ቀን ጠዋት እንደ ልማዱ ጸልዮ ጨረሰና እጄን ጠበቀ። እኔ ጫን አላደረግሁም። ዓይኔን ጨፍኜ ስለነበር ፊቱን አላየሁም፤ ምናልባት የደፈርኩት ለዚያ ነው።

«ጌታ ሆይ» አልኩ፣ «ባለቤቴን ስለሰጠኸኝ አመሰግንሃለሁ። ደግ ሰው ነው። እንሰቴን ግን በውሃ እየገደላት ነው። እኔ ልነግረው አልቻልኩም፣ አንተ ንገረው። በኢየሱስ ስም።»

እሱ «አሜን» ብሎ ዘጋ።

«ሰምቻለሁ» አለኝ ቀጥሎ።

«ማን?»

«እኔ ነኛ። ጌታማ ድሮም ያውቃል።»

ሻዩን ሳይጠጣ ወደ ጓሮ ወጣ። ተከትዬው ስወጣ እንሰቷ ፊት ቁጢጥ ብሏል። «ለምን አልነገርሽኝም?» አለ፣ ሳይዞር።

«ደስ ብሎህ ስታጠጣ እንዴት ብዬ።»

«ደስ ብሎኝ?» ዞሮ አየኝ። «እናትሽ ያሉትን እኮ ሰምቻለሁ። ከሞተች ጨንቻ ትመለሻለሽ ብዬ ነው የፈራሁት።»

ሁለታችንም አንድ ነገር ፈርተን፣ አንዳችን በዝምታ፣ አንዳችን በጀሪካን አንዲቷን እንሰት ልንጨርሳት ነበር። ሳቄ መጣ። እሱም ሳቀ፣ ግን ዓይኑ ውሃ ሞልቶ ነበር።

ያን ቀን ሥራ አርፍዶ ሄደ። እናቴ እንደምታደርገው አደረግን። ግንዱን ዝቅ አድርገን ቆረጥነው፣ ሥሯን ነቅለን አወጣናት። በአንድ በኩል በስብሳለች፣ በሌላው በኩል ግን ነጭና ጠንካራ ነበረች። የበሰበሰውን በቢላ ፋቅኩት፣ ልቧን፣ ቅጠል የሚፈልቅበትን መሐሏን፣ ቦርቡሬ አወጣሁና በቦታው ድንጋይ ሞላሁ። ልብ የሌላት እንሰት ከጎኗ ልጆች ታወጣለች። እሱ ይህን ሁሉ ቆሞ ሲያይ፣ «ልቧን አውጥተሽ ልትድን?» አለኝ። ሙዝ እንዲህ አይደለም። ጥግ ላይ፣ ከፍ ባለ ደረቅ ቦታ፣ ፍግና አፈር አልብሰን ቀበርናት።

መጠበቁ ረጅም ነበር። እሱ ጀሪካኑን ሲያይ እጁን ይበላዋል፤ እኔ በዓይኔ እመልሰዋለሁ። ከሁሉ የማልረሳው ግን የእነዚያን ሳምንታት ጸሎት ነው። እሱም ተማረ። አንድ ጠዋት፣ «ጌታ ሆይ፣ የባለቤቴን ቆጮ ወድጄዋለሁ፤ ብቻ በሳምንት አንድ ቀን ሌላ ነገር እንድትሠራ ልቧን አነሳሳ» ብሎ ጸለየ። እኔ በተራዬ፣ «ጌታ ሆይ፣ ሰጋቱራውን በር ላይ አራግፎ እንዲገባ እርዳው» አልኩ። ጸሎታችን በሳቅ ሲያልቅ አከራያችን ግድግዳውን ይመቱና፣ «እናንተ ልጆች፣ ይሄ ምን ዓይነት ሃይማኖት ነው?» ይሉናል። ዛሬ ልጆች አሉ፣ ጥድፊያ አለ፤ ያሰብኩትን ፊት ለፊት እነግረዋለሁ፣ እሱም እንደዚያው። መልካም ነው። ያ የጠዋት ጸሎት ግን ይናፍቀኛል።

ዝናቡ ከጀመረ በኋላ አንድ እሑድ፣ ለብሰን ልንወጣ ስንል ወደ ጥጉ አየት አደረግሁ። አፈሩ ተሰንጥቆ አረንጓዴ ጫፎች ተሰብስበው ወጥተዋል። ጠራሁት። በአንድ ለእናቱ ሱሪው ጭቃው ላይ ተንበረከከ።

«ይሄ ሁሉ? ሙዝ ቢሆን አንዷን ትቼ ሌላውን እቆርጥ ነበር።»

«ንካና ታያለህ!» አልኩት። ድምፄ ለራሴም አዲስ ሆነብኝ።

አከራያችን በመስኮት፣ «ኧረ ይቺ ልጅ አፍ አላት!» አሉ።

ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ መዝሙሩ አልቆ ስብከት ተጀምሯል። ወንዶች በአንድ በኩል፣ ሴቶች በሌላ በኩል የሚቀመጡበት ቦታ ሞልቶ፣ ከኋላ ካለው አግዳሚ ላይ አብረን ተቀመጥን። ስብከቱ ስለ ምን እንደነበር ብትጠይቁኝ አላውቅም። እሱ በየመሐሉ ጠጋ እያለ፣ ችግኞቹ መቼ እንደሚነጠሉ፣ ምን ያህል ተራርቀው እንደሚተከሉ ይጠይቀኛል። እኔም እመልስለታለሁ። አንዲት እናት ዞር ብለው እስኪያዩን ድረስ አወራን፤ ከዚያም ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ቀጠልን።