የተፈቱ ጣቶች

ሲስተሯ መርፌ የፈራ፣ ሕክምና እምቢ ያለ በሽተኛ ሁሉ የሚላክላት ነርስ ነበረች። አባብላ፣ አሳስቃ ክንዱን ታስዘረጋዋለች። ስለዚህ አንድ የባሕር ማዶ ኩባንያ አዲስ የቁርጥማት መድኃኒት እሷ በምትሠራበት ሆስፒታል ውስጥ ሊሞክር ሲመጣ፣ በሽተኞችን የማግባባቱ ሥራ ለእሷ ተሰጠ። አብሮ የመጣው ሐኪም ደግ ሰው ነው፤ ለምን እዚህ እንደመጡም አልደበቀም። በእነሱ አገር ለአንድ በሽተኛ የሚወጣው ወጪ እዚህ አሥሩን ይችላል።

መጀመሪያ ትዝ ያላት ታላቅ ወንድሟ ነበር። ወላጆቻቸው ካለፉ በኋላ ልብስ እየሰፋ ያስተማራት እሱ ነው። አሁን ጣቶቹ ተኮራምተው የሸሚዙን ቁልፍ እንኳ ሚስቱ ትቆልፍለታለች። ስፌት መኪናውን በጨርቅ ሸፍኖ፣ ደጁ ላይ ተቀምጦ ከአላፊ አግዳሚው ጋር ሲቀልድ ይውላል።

«እኔን ተዪኝ እህት ዓለም፤ እኔና ቁርጥማቴ ታርቀናል» አላት።

አልተወችውም። ጥናቱ ሲያልቅ መድኃኒቱም እንደሚቆም ነግራዋለች፤ ግን እየሳቀች፣ በጥድፊያ። እስከዚያ ገበያ ላይ ይውላል ብላ እሷም ከልቧ አምና ነበር።

መድኃኒቱ ሠራ። ጣቶቹ አንድ በአንድ ተፈቱ። መኪናውን ገልጦ ተቀመጠና የልጁን የሠርግ ቀሚስ በገዛ እጁ ሰፋ። በሠርጉ ዕለት ሲያለቅስ፣ ልጁን ስለዳረ የከፋው መስሏቸው ሰዎች አጽናኑት።

ከዚያ ጥናቱ አለቀ፤ ኩባንያውም ዕቃውን ሸክፎ ሄደ። ሲስተሯ ለሐኪሙ ደወለች። መድኃኒቱ በእነሱ አገር መሸጥ መጀመሩን፣ እዚህ ግን የሚገዛ አይኖርም ተብሎ እንደማይመጣ በተሰበረ ድምፅ ነገራት።

ክረምቱ ሲገባ ጣቶቹ ተመልሰው ታጠፉ። ቀልዱም አብሮ ጠፋ፤ ደጅ መቀመጥ ተወ። እሷ ከሥራ ስትወጣ እየሄደች እጁን በሙቅ ውሃ ታሽለታለች። አንድ ቀን ስታሽለት፣

«ቁርጥማቱን ለምጄው ነበር እኮ» አላት።

ቢቆጣት በተሻላት። በሳምንቱ ወንድሟ የስፌት መኪናውን ሸጠው። ተሸካሚው ሲያወጣው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

በዓመቱ ሌላ ኩባንያ የአስም መድኃኒት ሊሞክር መጣ። ሲስተሯ አልሠራም አለች፤ ሥራውን ባልደረባዋ ተቀበለችው። አንድ ጠዋት በኮሪደሩ ስታልፍ፣ አግዳሚው ላይ ትንፋሽ ያጠራቸው አሮጊት መድኃኒቱ እውነት ያሽል እንደሆነ ጠየቋት። አጠገባቸው ተቀምጣ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ማሻሉንም፣ መቅረቱንም፣ የወንድሟንም ነገር። አሮጊቷ እስክትጨርስ ሰሟት።

«አንድ ወርም ቢሆን ተኝቼ ልደር፣ ልጄ» አሏትና ተራቸውን መጠበቅ ቀጠሉ።

ሲስተሯም እስኪጠሩ ድረስ አብራቸው ተቀመጠች።