መርፌው ቀዩ ላይ፣ ሽማግሌዎቹ መንገድ ላይ

እሑድ ጠዋት ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የተነሳነው አራት ሰዎች ነን፤ ሦስት ሽማግሌዎችና እኔ። ሽማግሌዎቹ የሚሄዱት ሰብለን ለእኔ ከአባቷ ሊጠይቁ ነው። እኔ ፊዚክስ በማስተምርበት ትምህርት ቤት እሷ አማርኛ ታስተምራለች። ወላጆቿ ከቡሬ ወጣ ብለው የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። አባቷ "እስከ ስድስት ሰዓት እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ሰው አላነጋግርም" ብለው ልከዋል። ቀጠሮ የማያከብር ሰው ልጄን አያከብርም ባይ ናቸው አሉ።

በወጉ የሚያገባው ልጅ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም። ነገር ግን መኪናዋ የአጎቴ የአያ ሞላ ናት፤ እሳቸውም ዓይናቸው ስለደከመ መሪውን ለእኔ ከለቀቁ ቆይተዋል። ስለዚህ ከልጅቱ ቤት ራቅ ብዬ እንዳቆምና ከመኪናው እንዳልወርድ ተስማማን። ከአጎቴ ሌላ ቄስ ይትባረክና ጡረታ የወጡት ርዕሰ መምህር ጋሽ አስናቀ አሉ።

ከማንኩሳ በኋላ

ቄስ ይትባረክ ቀድሰው እስኪወጡ ስለጠበቅን የተነሳነው አርፍደን ነው። ቀኑ ግን ደስ ይላል። በቆሎው ደርቆ ቆሟል፣ በየደጁ የተሰጣው በርበሬ ከሩቅ እንደ ቀይ ምንጣፍ ይታያል። ማንኩሳን አልፈን ጥቂት እንደሄድን የሙቀት መለኪያው መርፌ ከመሃል ዘሎ ቀዩ ላይ ወጣ።

"አቁም!" አሉ አያ ሞላ። "አቁም አልኩህ! ሞተሩን ያሳደስኩት በሬ ሸጬ ነው!"

አቆምኩ። ከመንገዱ ዳር አንድ ቆርቆሮ ቤት ነበር። እኔ ኮፈኑን ስከፍት ሽማግሌዎቹ ውሃ ሊለምኑ ሄዱ። ሦስቱም ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው፣ ቄሱን አስቀድመው በሩ ላይ ተሰልፈው ቆሙ። በእኛ አገር እንዲህ ሆኖ የቆመ ሰው ምን እንደሚፈልግ ሁሉም ያውቃል።

አባወራው ብቅ አለና አንድ በአንድ አያቸው።

"አልሰጥም!" አለ፣ ከሰላምታ በፊት።

"እንዴት ነው ልጄ?" አሉ ቄስ ይትባረክ።

"አባ፣ መስቀልዎን ልሳለም፤ ግን አልሰጥም። ልጄ ገና ስድስተኛ ክፍል ናት። ትማራለች። አለቀ!"

ጋሽ አስናቀ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እኛ እንኳ የፈለግነው ውሃ ነበር።"

"ውሃ?"

"ለመኪናዋ።"

ከቤት ውስጥ የሴት ሳቅ ፈነዳ። "ጥሩነህ፣ ጉድህ ፈላ!" አለች ሚስቱ። ጥሩነህ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ከዚያ ሙሉ ጀሪካን ተሸክሞ መጣ፤ በርጩማም አወጣ፤ የተቀቀለ ድንችም በአዋዜ ቀረበ።

"ሽማግሌ መልስ ሳይሰማ እህል ይቀምሳል?" አሉ አያ ሞላ።

"የተከለከለው በልጅቱ ቤት ነው" አሉ ጋሽ አስናቀ፣ ድንቹን እየላጡ።

መለኪያውን መመርመር

አያ ሞላ ውሃውን ቶሎ ጨምር አሉኝ። እምቢ አልኩ፤ የጋለ ራዲያተር ክዳን ከተከፈተ የፈላው ውሃ ፊት ላይ ይረጫል። ደግሞም አንድ ነገር ከንክኖኛል። ውሃ የሚሞቀው ቀስ በቀስ ነው፤ መርፌው ግን ዘለለ። እንፋሎት የለም፣ የሚንፈቀፈቅ ድምፅም የለም። ምናልባት ሞተሩ ደህና ነው፣ የታመመው መለኪያው ነው። ግን በምናልባት የአጎቴን ሞተር አላቃጥልም። እርግጡን ለማወቅ ሞተሩ እስኪበርድ መጠበቅ ነበረብኝ።

ስድስት ሰዓት እየቀረበ ነው። ጥሩነህ ሽማግሌዎቹን ለማሳፈር መንገድ ላይ ወጥቶ ለሚኒባሶቹ እጁን ያወዛውዛል፤ ሁሉም ሞልተው ያልፋሉ። እኔ መዳፌን ራዲያተሩ ላይ አሳርፌ መያዝ ስችል ክዳኑን ከፈትኩ። ውሃው እስከ አፉ ሙሉ ነው። ሞተሩን ሳላስነሳ ቁልፉን ብቻ አዞርኩ። መርፌው በቀጥታ ቀዩ ላይ ወጣ።

"የበረደ ሞተር ቀይ አይልም" አልኩ።

"ታዲያ ማን ነው የሚዋሸው?" አሉ አያ ሞላ።

ሞተሩ ላይ ሙቀት የሚለካ ትንሽ ዕቃ አለ፤ ከሱ አንዲት ሽቦ ወደ መርፌው ትሄዳለች። ሽቦዋ ተልጣ ብረት ከነካች መርፌው ሞተሩ የጋለ ይመስለዋል። ሽቦዋን ከዕቃው ነቀልኳት። ጥፋቱ የዕቃው ቢሆን መርፌው መውረድ ነበረበት፤ አልወረደም። እንግዲያው ጥፋቱ የሽቦዋ ነው። በጣቴ ተከተልኳት፤ ከባትሪው ኋላ ልባሷ ተፍቆ መዳቡ ብረት ላይ ተኝቷል። ጥሩነህ ናስትሮ አመጣልኝ። ጠቅልዬ፣ ከብረቱ አርቄ አሰርኩና ጫፏን መለስኩ። ቁልፉን ሳዞር መርፌው ታች ወረደ። የጥሩነህ ሚስት እልል አለች!

"ሞተሩ ቢቃጠል አንተን ነው የምሸጠው" አሉ አያ ሞላ እየገቡ። ዓይናቸውን ከመርፌው ሳይነቅሉ ቡሬ ደረስን። መርፌው መሃል ላይ ረግቶ ቆየ።

ቡሬ

ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሽማግሌዎቹን አወረድኩና አንድ ግራር ሥር ተደብቄ ጠበቅሁ። ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ፊታቸው አይነበብም።

"ምን አሉ?"

"መንገድህን እያየህ ንዳ" አሉ አያ ሞላ።

ሳቁ መጀመሪያ ያመለጣቸው ቄስ ይትባረክን ነው። የሰብለ አባት ለምን ለጥቂት እንደደረሱ ሲጠይቁ የጥሩነህን ነገር ነገሯቸው። ሰውዬው ስቀው ስቀው እንዲህ አሉ፦ "ሰብለም ስድስተኛ ክፍል ሳለች እንዲሁ የቆሙብኝ ነበሩ። እንደሱ እምቢ ባልል ኖሮ ዛሬ መምህርት አትሆንም ነበር። አሁን ግን ተምራ ጨርሳለች። እሷ ከወደደችው እኔ እሺ ብያለሁ።"

ፍኖተ ሰላም ስንደርስ ሰብለ መናኸሪያው አጠገብ ጁስ ቤት ተቀምጣ ነበር፤ ያዘዘችውን አቮካዶ አልነካችውም። ተቀመጥኩና በሥርዓት ከመጀመሪያው ጀመርኩ። "ማንኩሳን እንዳለፍን መርፌው ቀዩ ላይ ወጣ። አሁን ሙቀት የሚለካው ዕቃ የሚሠራው…"

"አንተ ሰውዬ!" ጠረጴዛውን መታችው። "ሽቦህን ተወውና አባቴ ምን አለ?"

ክፍል ውስጥ ማስረጃው ይቀድማል፣ ውጤቱ ይከተላል ብዬ አስተምራለሁ፤ ነገም ያንኑ እደግማለሁ። ለሚጠብቅ ሰው ግን ውጤቱ መቅደም እንዳለበት ይህ ጉዞ አስተምሮኛል።

"እሺ አሉ" አልኳት።

የሽቦውን ታሪክ ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።